ከሥልጠናው ማግስት

ሰውየው ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ "ታዲያ ይቺ ማናት?" ሲል የሩዋይዳ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሐዋሳ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ የሬጅስትራር ሠራተኛ ናት። ጠዋት ይኸው ሰው ደውሎ ሚስቱ እዚያ ትማር እንደሆነ ቢጠይቃት፣ "የሰልጣኝ መረጃ በስልክ አንሰጥም" ብላ ዘግታበት ነበር። ትናንት በወሰዱት የመረጃ ደህንነት ሥልጠና የተነገራቸው ይኸው ነው። ከዚያም በላይ የስፌት ሰልጣኟ ሮዳስ፣ የተቃጠለ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና፣ "እትዬ፣ ባሌ ቢመጣ የለችም ይበሉልኝ" ብላ ለምናታለች።

ሰውየው ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ በጣቶቹ አሰፋው። የኮሌጁ ሠራተኞች የሥልጠና ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከኋላቸው በሩ አጠገብ፣ ሮዳስ የታሸገ ውሃ ታድላለች። ፎቶውን ማታ በኮሌጁ ቴሌግራም ላይ የለጠፈችው ራሷ ሩዋይዳ ናት፤ ከሥሩም "መረጃችንን እንጠብቅ!" ብላ ጽፋበታለች።

"የለችም" አለች ስልኩን ወደ እሱ እየገፋች።

"ግድ የለም፣ እጠብቃታለሁ" ብሎ ወንበር ሳበ።

ጥበቃውን ልትጠራ ስልኳን ስታነሳ በሩ ተከፈተ። ሮዳስ የሰፋችውን ቀሚስ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ "እትዬ፣ ጨረስኩት!" እያለች ገባች። ሰውየው ተነሣ። ልጅቷ እሱን አይታ ወዲያው ፊቷን ወደ ሩዋይዳ አዞረች።

"እርስዎ ነዎት የነገሩት?"

ሩዋይዳ "ሩጪ!" ብላ ጮኸች እንጂ፣ "አይደለሁም" ማለት አልቻለችም።