ሳንቲም የተሰካባት የሙሽራ መኪና

"ቁልፉ ጠፍቶብኛል።"

ጋሼ አሥራት ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም…

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና። ጥር ነው፣ በፈረንጆቹ 1988። ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ዝናቡ ይወርዳል…

ሙሽራው ክፍሉ በሙሉ ሱፍ፣ ሚዜው ተስፋሁን አበባ ታቅፎ ፓርኪንጉ መሃል ቆመዋል። ሌላው ሚዜ የተስፋሁንን ታክሲ ይዞ በር ላይ ይጠብቃል።

ፊታቸው የተስፋሁን ቀይ ስፖርት መኪና አለች። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት! ታክሲ እየነዳ፣ ከአፉ ቆጥቦ የገዛት። ዛሬ ክፍሉ ራሱ እየነዳ፣ ሙሽራዋን ሰርካዲስን ጎኑ አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድባት ነው።

ሰርካዲስ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ቬሏን ለብሳ ትጠብቃለች…

የፓርኪንጉ ሠራተኛ ደግሞ ቁልፉ ጠፋ ይላሉ!

እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ? እኔ እንኳ አላምንም ነበር።

ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ሁኔታቸው ደስ አይልም ነበራ!

መጀመሪያ "ማነው ድራይቭ የሚያደርጋት?" ብለው ጠየቁ።

ቀጥለው "በየት በኩል ነው የምትሄዱት?"

ቀጥለው ደግሞ… "ከዘነበ ግን ትቀራለች፣ አይደል?"

ተስፋሁን ሳቀባቸው።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ የሐምሌን ዶፍ እየጠጣን ያደግን ልጆች ነን! ደግሞ በጥር ምን ዝናብ አለ?"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። አገር ቤት ጥር ፀሐይ ነው፣ ሠርግ የሚደገሰውም ለዚያ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ዝናቡ የሚመጣው በጥር ነው። የእኛ ሰው አገር ቀየረ፣ የሠርግ ወር ግን አልቀየረም…

ዋናው ነገር ግን የዓርቡ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ተስፋሁን ብቅ ሲል ጋሼ አሥራት መኪናዋ ሥር ተንበርክከዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡ… ጎማው ላይ ሰኩ… ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ሁለተኛው ጎማ ሄዱ… ሰኩ… ነቀነቁ።

አራቱንም!

ተስፋሁን ሮጦ ለክፍሉ ነገረው።

"መተት ነው! ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው መተት!"

ክፍሉም አመነ። ለምን አያምን? ሰውዬው የሰው መኪና ሲያቆሙ ይውላሉ፣ የራሳቸው ግን የላቸውም። ከዌስት አዳምስ ሰፈር የሚመጡት በአውቶቡስ ነው፣ እሱ ከቀረ በእግራቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይጠረጠርም?

ታዲያ ቁልፉን ለምን ተዉላቸው? የፓርኪንጉ ሕግ ነው። ቁልፍ ሠራተኛው ጋ ያድራል።

እና አሁን ጠፋ…

"ጋሼ፣ በእናትዎ! ሙሽራዋ እየጠበቀችኝ ነው" አለ ክፍሉ።

"ሶ፣ በታክሲው ውሰዳት የኔ ልጅ።"

"ሙሽራ በታክሲ?!" ተስፋሁን ጮኸ። ከአንቱ ወደ አንተ ወረደ። "አንተ ምቀኛ ሽማግሌ! ሳንቲም ስትሰካ አይቼሃለሁ! ፖሊስ ነው የምጠራልህ!"

ጩኸቱን ሰምቶ የፓርኪንጉ ባለቤት መጣ። ቁልፍ የሚጥል ሠራተኛ አልፈልግም ብሎ እዚያው አባረራቸው። ጋሼ ምሳ ዕቃቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆሙ። አልሄዱም…

ክፍሉ ጊዜ አልነበረውም። ሌላው ሚዜ በተስፋሁን ታክሲ ወደ ሙሽራዋ ወሰደው።

ተስፋሁንን ግን እልህ ያዘው። ቁልፍ ሠሪ አስጠራ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ቁልፍ ተሠራ።

"አትሂድ ልጄ" አሉ ጋሼ፣ የመኪናዋን በር ይዘው።

"ዞር በል!"

ወጣ…

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ ኋላ አልታዘዝም አለ። ፍሬን ያዘ። ባሰባት። ዞረች… ዞረች… ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች።

ተስፋሁን ግንባሩ ላይ ትንሽ ተጫረ። ከዚያ ውጪ ምንም አልሆነም።

የጎኑ ወንበር ግን… ምሰሶው ገብቶበት ወንበር መሆኑም አይታወቅም።

የሰርካዲስ ወንበር!

በዝናብ እየሮጠ ቀድሞ የደረሰው ማን ይመስላችኋል?

ጋሼ አሥራት። ጃንጥላቸውን እንኳ ጥለው።

ደግፈው አወጡት። ከዚያ ከካልሲያቸው ውስጥ የጠፋውን ቁልፍ አወጡ።

"ደብቄው ነው" አሉ። "ጎማህ አልቋል ልጄ። ሳንቲሙን ዘቅዝቀህ ጥርሱ መሃል ስትሰካው፣ ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው ውሃ ላይ አይዝም። የዚህ አገር አስፋልት ደግሞ ዘይት ጠጥቶ ይከርምና ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው።"

"ለምን… ለምን አልነገሩንም?" ተስፋሁን ወደ አንቱ ተመለሰ።

"ስለ ዝናቡ ስጠይቃችሁ ሳቃችሁ። የመኪናህን ነውር ባወራ ምቀኛ ነው አትሉኝም?"

"እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?"

ጋሼ ወደተሰባበረው ወንበር አዩ።

"መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት መኪና ገዛሁ። ዘነበ። እኔም እንደ እናንተ፣ የሐምሌ ልጅ ነኝ አልኩ… ታናሽ ወንድሜ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፓርኪንጉ በር አልፌ ነድቼ አላውቅም።"

ተስፋሁን እዚያው አስፋልት ላይ ጉልበታቸውን ይዞ አለቀሰ።

የዚያን ቀን ድግስ ላይ የሙሽራው አባት ወንበር ባዶ ነበር። አባትየው አገር ቤት ናቸው። ክፍሉ ከተስፋሁን ሁሉን ሲሰማ፣ ጋሼ አሥራትን እጃቸውን ይዞ እዚያ አስቀመጣቸው። እርጥብ ሱሪያቸውን እንደለበሱ ሙሽሮቹን የመረቁት እሳቸው ናቸው።

እኔን የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ተስፋሁን ያን ዓርብ "ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" ቢል አለቀ። አንዲት ጥያቄ! እኛ ግን ለመጠርጠር እንጂ ለመጠየቅ አንቸኩልም። ጋሼም ቢሆኑ ስም ፈርተው ዝም ማለታቸው ልክ ነው አልልም።

ስፖርት መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ዝናብ ከመጣ ጎማችሁን እዩ። ጥርሱ ካለቀ ቤቷ ትዋል!

እስቲ እናንተ ፍረዱ… በጋሼ አሥራት ቦታ ብትሆኑ ቁልፉን ትደብቁ ነበር፣ ወይስ ፊት ለፊት ተናግራችሁ "ምቀኛ" መባልን ትመርጡ ነበር? ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ… እውነቱን ግን!