ያልተመዘገበችው ሞግዚት

«ሙሉ ስሟ?» አለ ፖሊሱ።

«ሮዝ።»

«ሮዝ ማን?»

ኮርትኒ ግንባሯን ያዘች። ልጇን ዊላን ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያስተኛቻት ሞግዚት የቤተሰብ ስሟ ማን እንደሆነ አታውቅም! ሮዝ ጠዋት ሕፃኗን በጋሪ ይዛ ወደ መናፈሻው ወጣች፤ ይኸው ሊመሽ ነው። ጋሪው ባዶውን ዛፍ ሥር ተገኝቷል። የኮርትኒ ባል ከኒው ዮርክ በባቡር እየመጣ ነው።

«ሞግዚት ሲቀጥሩ እኮ አሠሪ ሆነዋል፣ ወይዘሮ» አለ ፖሊሱ። «ግብሯን የከፈሉበት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የጡረታ ቁጥሯ ያለበት አንድ ወረቀት አይጠፋም።»

«አላስመዘገብኳትም። እጅ በእጅ ነው የምከፍላት።»

ጎረቤቷ ሎርና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምንጣፉን ታያለች። ምክሩ የእሷ ነበር። «አንቺ ደግሞ! ከደመወዟ ግብር ልትቆርጪ፣ ካንቺም ልትጨምሪ፣ በየጊዜው ወረቀት ልትሞዪ? ምን አደከመሽ! ማስረጃ እንዳይሆንብሽ ቼክ አትጻፊ፣ ፎቶ አታስቀምጪ፣ አለቀ» ብላት ነበር። ኮርትኒም ሮዝ ያለችበትን ፎቶ ሁሉ ከስልኳ አጠፋች።

ሮዝማ ለምናታለች። «እባክሽ ኮርትኒ፣ እያረጀሁ ነው። ጡረታ የማገኘው ስሜ ሲመዘገብ ነው። አንድ መዝገብ ላይ አስገቢኝ» ብላታለች። ኮርትኒ ሳቀች። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ! ቤተሰብ ይመዘገባል እንዴ?» አለቻት።

«ባለቤትዎ ከሥራ ሳይመለሱ ትሄዳለች ብለውኛል። ከእርስዎ ሌላ ያያት ሰው አለ?»

«ሎርና አይታታለች። ንገሪው እንጂ!»

«እኔ እንኳ...» አለች ሎርና። «ስታወሪልኝ ነው የምሰማው። በዓይኔ አይቻት አላውቅም።»

ኮርትኒ የሎርናን ፊት አየችው። የምትዋሽ አትመስልም።

ፖሊሱ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ወይዘሮ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ እንዴት ነው?»

ይህን ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለችው፣ ከዊላ ክፍል ድምፅ የምታመጣው መሣሪያ ተንሿሿች። እንጉርጉሮ ተሰማ። የሮዝ እንጉርጉሮ። መሃል ላይ ዊላ ከት ብላ ሳቀች።

«እንዴ! ቅድም ክፍሉን ፈትሼው የለ!» አለ ፖሊሱ።

ኮርትኒ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱን ስትነካው ግን ይሞቃል። እንጉርጉሮው አልቆመም፤ እዚያው፣ አጠገቧ ነው።

«በስሟ ይጥሯት» አለ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ። ወደ ውስጥ ግን አልገባም።

«ሮዝ! በፈጠረሽ፣ ልጄን ስጪኝ! ሮዝ!»

እንጉርጉሮው ተቋረጠ። የዊላም ሳቅ ጠፋ። ከዚያ ያ የምታውቀው የሮዝ ለስላሳ ድምፅ፣ ከጆሮዋ ሥር፦

«ሮዝ ማን?»