ሃያ ዙር

የተጣበቀውን እንጨት ጨምቆ የሚይዘውን የመጨረሻውን ሞርሳ አጥብቄ እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ። የስምንት ሰው ጠረጴዛ ነው፤ እግሮቹ ኮላ ተቀብተው ገና መግባታቸው ነው። የሥራ ጓዴ ጢሞ ከማዶ ሆኖ የሲጋራ ፓኮውን ያወጣል።

"እህሳ፣ ዛሬስ በምን ልትለካው ነው?"

እኛ አናጢዎቹ ኮላ የሚደርቅበትን ጊዜ የምንለካው በሲጋራ ነው። ሦስት አጭሰህ ስትጨርስ ሞርሳው ይፈታል። ሰዓት ጠፍቶ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት የለመድነው ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ልቤን ታምሜ ሆስፒታል ስገባ ሐኪሟ "ወይ ሲጋራውን ወይ ልብዎን ይምረጡ" አለችኝ። መረጥኩ።

ሲጋራው ሲቀር መለኪያዬም አብሮ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ሞርሳውን ቸኩዬ ፈታሁትና ወንበሩ ደንበኛው እንደተቀመጠበት ተበተነ። "ልብህ ድኖ እጅህ ሞተ" ብሎ ጢሞ ሳቀብኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ እንጂ አንጀቴን ነው የቆረጠው። ያለ ሲጋራ አናጢ መሆን ካልቻልኩ ምን ቀረኝ?

"በእግሬ" እለዋለሁ። ትናንት እሱ ሦስቱን ሲያጨስ እኔ ግቢውን እየዞርኩ ቆጥሬያለሁ፤ ሃያ ዙር ነው።

ወጥቼ መዞር እጀምራለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ የጢሞ ጭስ በመስኮቱ ወጥቶ አፍንጫዬ ሥር ይደርሳል። እጄ ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ይሄዳል፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ኪሴ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። ምራቄን ውጬ እቀጥላለሁ።

"ሰውዬ፣ ፈረስ ሆንክ እንዴ?" ይላል ጢሞ በመስኮቱ።

"ቅናትህን ዋጥ አድርገው!"

ድሮ ሁለት ዙር እንኳ ትንፋሼን ያሳጥረው ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳይታወቀኝ ዘፈን አንጎራጉራለሁ። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ!

ሃያውን ጨርሼ ሞርሳዎቹን አንድ በአንድ እፈታለሁ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ እወዘውዘዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። አላምን ብዬ ላዩ ላይ እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ልቤ፣ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ጢሞ ቀና ብሎ ያየኛል። አይስቅም። የያዘውን መሳቢያ ኮላ ቀብቶ ሞርሳ ያስገባዋል፤ እጁ ወደ ፓኮው ይሄድና መንገድ ላይ ይቆማል።

"ስንት ነበር ያልከው?"

"ሃያ።"

እያጉረመረመ ወደ ግቢው ይወጣል። ገና በመጀመሪያው ዙር ሳል ይይዘዋል፣ ግን አይቆምም። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ እንደቆምኩ በመስኮቱ እያየሁ፣ ጮክ ብዬ እቆጥርለታለሁ።