የአዳራሹ ካሜራ

የኮሌጁ ዲን ማይክሮፎኑን ተጠግተው «አዳራሹን ከመመረቃችን በፊት፣ ይህን ስክሪን ሲሰቅል ከመሰላል ወድቆ ለሞተው ለላጲሶ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» ሲሉ መምህራኑ ሁሉ ብድግ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ቴክኒሻኑ ይትባረክም ሪሞቱን እንደጨበጠ ቆመ። ከወደ ኢምፔሪያል አደባባይ የታክሲ ጥሩምባ በስሱ ይሰማል።

ካሜራው ግን ጸሎት አያውቅም። ድምፅ ወደሰማበት እየዞረ የተናጋሪውን ፊት ስክሪኑ ላይ እንዲያወጣ ትናንት ያስተካከለው ራሱ ይትባረክ ነው። ኋላ በር አጠገብ አንዲት ሴት የልቅሶ ድምፅ አመለጣት። ካሜራው ቀስ ብሎ ዞረና የጽዳት ሠራተኛዋ የሶሬቲ ፊት ግድግዳውን ሞላው። የላጲሶ ሚስት ናት። ልቅሶዋን ለማፈን የጥቁር ሻሿን ጫፍ ነክሳለች።

ዲኑ ዓይናቸውን አፍጥጠው በእጃቸው «አጥፋው» አሉት። የይትባረክ ጣት ቁልፉ ላይ ደረቀ። ላጲሶ የወደቀ ዕለትም እንዲህ ነበር ያጣደፉት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ ከጥሪው ድምፅ የእሳቸው መሆኑን አወቀ፤ በዚህ ግቢ ደግሞ የዲኑን ስልክ አስጩኾ የሚቆይ የለም። ላጲሶ የቆመበትን፣ ጥብቅ አድርጎ የያዘውን መሰላል ለቀቀና «አቤት፣ ዶክተር!» አለ። ስክሪኑ መቼ ያልቃል ብለው ሊጠይቁት ነበር የደወሉት። ለፖሊስ ግን መሰላሉ በራሱ ተንሸራተተ ብሎ ፈረመ።

ዲኑ እጃቸውን ደግመው አወናጨፉ።

«አቤት፣ ዶክተር!» አለ፣ እንደ ልማዱ፣ ጮክ ብሎ።

ካሜራው ሶሬቲን ትቶ ዞረ። የይትባረክ ፊት ግድግዳውን ሞላው። ሶሬቲም ሻሿን ከአፏ አውጥታ ቀና አለችና አየችው።