ያልተከፈተው ጌም

የድሮ ጌም የሚገዛው ባለሱቅ ነጭ ጓንት አጥልቆ ካርቶኑን በሁለት እጁ ሲያነሳው አራስ ልጅ የተቀበለ ይመስላል። አምፖሉን አስጠግቶ የታሸገበትን ላስቲክ ያያል፣ ያገላብጠዋል፣ እንደገና ያያል። እህቴ አጠገቤ ቆማ ስልኳን ትነካካለች፤ ስክሪኑ ግን ጠፍቷል።

«መቼ ነው የተገዛው?» ይለኛል።

«ልጅ ሆኜ። አባቴ ገዛና ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። አንደኛ ስትወጣ ትከፍተዋለህ አለኝ።»

«አልወጣህማ።»

«አልወጣሁም።»

ሳቁ ይመጣል። «እንኳንም አልወጣህ ወንድሜ። ጎበዝ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ተራ ያገለገለ የጌም ካሴት ይዘህ ነበር የምትመጣው። የዚህ ጌም ሰብሳቢዎች እብዶች ናቸው። ለወታደሮችህ ራስህ ስም ታወጣላቸዋለህ፣ ተራ በተራ ታዋጋቸዋለህ፣ የሞተ ደግሞ ሞተ ነው፣ አይመለስም። ሰው የሚያብደው ለዚህ ነው።»

አባባ ሊሞት ሲል የመጽሐፍ ጥረዛ ቤቱን ለእህቴ ሰጠ። ለእኔ «ጌሙ የእሱ ነው፣ ውሰድ በሉት» አለ። ዕድሜ ልኬን ሰነፍ ሲለኝ ኖሮ ለስንብትም ያንኑ ሊነግረኝ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ፤ ቀብሩ ላይም አላለቀስኩም። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ካልተከፈተ ዋጋው ሌላ ነው አለኝ። ባለሱቁ በስልክ የጠራልኝ ገንዘብ መኪና ይገዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባባ ጋር ታርቄያለሁ። ለካ ሲያስቀምጥልኝ ነበር እያልኩ፣ ያላለቀስኩትን ብቻዬን አልቅሻለሁ።

እህቴ ሳምንቱን ሙሉ «ለእኔ ሽጥልኝ ጋሼ፣ ማስታወሻ ይሁነኝ» ስትለኝ ነበር። የጥረዛ ቤቱ አንሷት ነው ብዬ ታዘብኳት።

ባለሱቁ ካርቶኑን ሲገለብጠው ላስቲኩ የተጋጠመበት መስመር ወደ እኔ ይዞራል። ያኔ አየዋለሁ።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ጫፉ ጋ ሲደርስ ትንሽ ወደ ላይ ይጎብጣል። ይህን ጉብጠት አውቀዋለሁ። የጥረዛ ቤታችን የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ዕቃ ስናጓጉዝ ከመኪና ወድቆ፣ እየጋለ ላስቲኩን የሚያጣብቀው ሽቦ ተጣሞ ነበር። አባባ «ይሠራል አይደል?» አለና ሳያስቀይረው ቀረ። ትምህርት ሲዘጋ አጠገቡ ቆሜ ስንት ደብተርና መጽሐፍ አሽጌበታለሁ። ሁሉም ጫፉ ላይ እንዲህ ነው።

ባለሱቁ ልብ አላለውም። «እንከን አይወጣለትም» ብሎ የገንዘቡን መሳቢያ ይስባል። ዝም ካልኩ አለቀ፣ ዝምታ ደግሞ ያደግሁበት ነው። እህቴን አያታለሁ። ጫማዋን ታያለች።

«ክፈተው» እለዋለሁ።

«ምን አልክ?»

«ተከፍቶ ያውቃል። አባቴ ነው መልሶ ያሸገው። መስመሩን እየው።»

አምፖሉን አስጠግቶ ብዙ ያያል። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል። «ያገለገለ ከሆነ ጫማ ቢገዛልህ ነው» ይላል።

«ይቅር ጋሼ፣ እንሂድ በቃ» ትላለች እህቴ።

«መቼ ነው የተከፈተው?» እላታለሁ።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። «አንተ ክፍል ደግመህ አጎታችን ጋ የተላክህ ዓመት። አንደኛ ወጣሁ። አባባ አወረደልኝ።»

«ብቻሽን ተጫወትሽ?»

«እማዬም ነበረች። እራት ከበላን በኋላ ሦስታችን . . .» ትተወዋለች። «ስትመጣ እንዳይከፋህ ብሎ ነው ያሸገው።»

አባባ ጌም ሲጫወት። ጫማውን አውልቆ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ፣ ሲስቅ። ላስበው እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። እንዳይከፋኝ ነው አሉ። ከተመለስኩ በኋላ ስንት ዓመት ያን ካርቶን ከሥር ሆኜ አንጋጥጬዋለሁ። ሦስቱም እያዩኝ።

ባለሱቁ ላስቲኩን በምላጭ ይቀደዋል። ካሴቱን አውጥቶ መሞከሪያው ማሽን ላይ ይሰካዋል። «ውስጡ ያለው ባትሪ ካልሞተ፣ የተጫወቱት እንዳለ ይገኛል» ይላል።

አልሞተም። ስክሪኑ ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ የተከፋፈለ አረንጓዴ ሜዳ ይመጣል። ሦስት ወታደሮች ቆመዋል፣ ከራሳቸው በላይ ስማቸው ተጽፏል። ጋሻ የያዘው አባባ ነው። በትር የያዘችው እማዬ። ቀስተኛዋ እህቴ ናት፣ በቤት ስሟ።

«እኔን አላስገባችሁኝም?»

«አስገብተንህ ነበር» ትላለች። «ሰይፍ ሰጥተንህ። የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ሞትክ።»

«እሱ እኮ ቀላል ነው» ይላል ባለሱቁ፣ እንደ ባለሙያ። «ወዲያው አጥፍተህ ብታበራው ውጊያው ከመጀመሪያው ይነሳል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እህቴን አያታለሁ።

«ለአባባ ብዬው ነበር» ትላለች። «እናጥፋውና ጋሼን እንመልሰው አልኩት። ‹ተይው፣ እሱ እንደሆነ ድሮም አይጠነቀቅም። እኛ እንቀጥል› አለኝ።»

ባለሱቁ እጁን ማሽኑ ላይ ያደርጋል። ገዢ ንጹሕ ካሴት ስለሚፈልግ፣ የተጫወቱትን ልሰርዘው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ስክሪኑን አያለሁ። አባባ፣ እማዬና እህቴ ሣሩ ላይ በቆሙበት ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ይተነፍሳሉ።