ተረኛ አንባቢ

በ1970 ዓ.ም.፣ ደሴ ውስጥ፣ መምህርም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊም የነበሩት ጋሼ ዘይኑልአቢዲን አንድ ደንብ ነበራቸው፤ መጽሐፍ የሚመልስ ተማሪ የመለሰበትን ቀንና ከእሱ ቀጥሎ የሚወስደውን ተረኛ አንባቢ ስም ካርዱ ላይ ራሱ ይጽፋል።

አንድ ቀን ካድሬው ስንሻው መጣና፣ «የከሪማን ስም ሰርዝ! የወሰደችው መጽሐፍ ጠፍቷል በል» አላቸው። ተማሪዋን ከሪማን ከቧንቧ ውሃ ሰፈር አስወስዶ ያስረሸናት እሱ ራሱ ነው።

ጋሼ ደማቸው ፈላ። «ወላሂ አልሰርዝም! የወሰደችው እሷ፣ የምትመልሰውም እሷ! ውጣልኝ!»

እየሳቀ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የቆለፉትን በር ከፍተው ሲገቡ፣ መጽሐፉ አፈር ለብሶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። ካርዱ ላይ በከሪማ የእጅ ጽሑፍ የዕለቱ ቀን ሰፍሯል። ቀለሙ አልደረቀም። ከሥሩ፣ «ተረኛ፦ ስንሻው» ይላል።

ጋሼ ዘይኑልአቢዲን ጥርሳቸውን ነክሰው ማኅተሙን አነሱና መቱበት።