ባለ ሁለት ወንበሯ መርከብ

ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ስትተክል የመጨረሻዋን ሁልጊዜ ለነገ ታሳድራለች፤ ለጠዋት እጅ ማሟሻ ትሁነኝ ባይ ናት። ልጇ በዚህ ልማዷ ትስቅባት ነበር። እሷ ደግሞ በልጇ የቪዲዮ ጌም ትስቅ ነበር፤ በጠፈር መርከብ ድንጋይ መፍለጥ፣ መጫን፣ ማራገፍ፣ ተመልሶ ያንኑ መፍለጥ።

«አይሰለችሽም ልጄ?»

«አንቺስ ቁልፍ መትከል አይሰለችሽም? ሦስት መቶ ድንጋይ ሲሞላልኝ እኮ እማ፣ ባለ ሁለት ወንበር መርከብ ይሰጡኛል። ከጎኔ አስቀምጬ አዞርሻለሁ።»

ልጅቷ ሁለት መቶ አርባ ላይ ሞተች።

ሥራዋ እንዲህ ተንጠልጥሎ መቅረቱ የእናትን አንጀት በላው። በሦስተኛው ሳምንት የጌሙን መንጃ ጆይስቲክ አነሳች። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አምስት ድንጋይ ትፈልጣለች፤ እንደ ልማዷም አንዱን ግማሽ አድርሳ ለነገ ታሳድረዋለች። ሥራው እውነትም ያሰለቻል። ግን እየሰለቻት ሳለ አታለቅስም።

አንድ ቀን ግማሽ ያሳደረችው ድንጋይ ተፈልጦ ጠበቃት። በማግስቱም እንዲሁ። «ጨርሼው ረስቼ ነው፤ ምን ጭንቅላት አለኝ» አለች።

ዛሬ ስትከፍተው ሦስት መቶ ሞልቷል። አዲሷ መርከብ ተዘጋጅታለች። ስክሪኑ ላይ ጠፈሩ የሚታየው ግን ከነጂው ወንበር ሳይሆን ከጎኑ ካለው ወንበር ሆኖ ነው።

እናት ጆይስቲኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እስካሁን አልሰለቸሽም ልጄ?»

የጆይስቲኩ ዘንግ ማንም ሳይነካው ወደ ፊት ተገፋ፤ መርከቧም ተነሳች።